በቃል የቀረው ሮቦት

«ከትምህርት ሰዓት በኋላ» የሚለው ሐረግ በአዲስ አበባና በኮን አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። በአዲስ አበባ፣ አቅም ባለው ቤት፣ ከትምህርት በኋላ ያለው ሰዓት «ልጁ በምን ይያዝ?» ተብሎ ወላጅ የሚጨነቅበት ክፍት ሰዓት ነው። ለዋና የሚልክ አለ፤ ለሙዚቃ የሚልክ አለ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለኮዲንግና ለሮቦቲክስ የሚልከው በዝቷል። ኮን ላይ ግን ያ ሰዓት ክፍት አይደለም፤ ባለቤት አለው። ወንዱ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ በጎቹን ከግጦሽ ይመልሳል። ልጅቷ ጀሪካኗን አንግታ ወደ ምንጭ ትወርዳለች፤ ስትመለስም ኩበትና እሳት ይጠብቋታል። ስለዚህ ለኮን ተማሪዎች ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡበት፣ ድሀ የማይፈራው የሮቦቲክስ ክበብ ልጀምር ባልሁ ጊዜ፣ ከገንዘቡ ጥያቄ ቀድሞ የተቀበለኝ የሰዓቱ ጥያቄ ነው። «ርካሽ» የምትለዋ ቃል በብር ብቻ እንደማትለካ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

ኮንን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ኮን የዋድላ ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ የተነሣ መንገደኛ ጋሸና ሲደርስ መንገዱ ይከፈልበታል፤ ላሊበላን ሊሳለም የሚሄደው ወደ ሰሜን ይታጠፋል፣ ወደ ንፋስ መውጫና ደብረ ታቦር የሚዘልቀው ግን ሜዳውን ይዞ ወደ ምዕራብ ይነጉዳል። ኮን ያለችው በዚህኛው መንገድ ላይ ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ ሌሊቱ ባና የሚያስደርብ፣ ነፋሱ ዛፍ የማይለምድ። የዋድላ ስም በሊቃውንት ዘንድ የሚነሣው ግን በብርዱ አይደለም፤ በቅኔው ነው። የቅኔ ቤቶችን ጥራ የተባለ ሰው ዋድላን፣ ጎንጅን፣ ዋሸራን ይላል። በዚያ ሜዳ ላይ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የተማረው የቆሎ ተማሪ ስንት ትውልድ እንደሆነ ቈጥሮ የጨረሰ የለም።

ነገሬ ስለ ሮቦት ሆኖ ሳለ ስለ ቅኔ ማውራቴ ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ወደፊት ይገለጣል።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ሶፊያ የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ሠሪዋ የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ቢሆንም፣ በ2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች በሶፍትዌሯ ላይ እጃቸውን አስገብተዋል። የአካል ክፍሎቿን የያዘው አንዱ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፋ መባሉን ሰምተን ስቀናል፤ በኋላም ጥቂት አማርኛ ስትናገር አይተን ተደንቀናል። ከዚያው ከአይኮግ ቤት ቤተልሔም ደሴ የምትመራው «ኤኒዋን ካን ኮድ» ልጆችን ኮዲንግና ሮቦቲክስ ማስተማር ይዞ ነበር። ስቴምፓወር የተባለው ድርጅትም ከቢሾፍቱው የፎቃ ማዕከል ጀምሮ፣ ባሕር ዳርን ጨምሮ በየዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ማዕከላትን አስፋፍቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ በዚያ ወራት የፊዚክስ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ኮን ለማስተማር የምመለስ ሰው ነበርሁና በልቤ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ነበር፦ ዩኒቨርሲቲ በሌለበት፣ መብራቱ በሚሄድበት፣ ኢንተርኔቱ ሲመጣ እንግዳ፣ ሲቀር ልማድ በሆነበት ከተማ ይህ ነገር በምን ይጀመራል?

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ስለ ዋጋ ጥቂት እናውራ። ሮቦት ውድ የሚሆነው በተዘጋጀ ሣጥን ከተገዛ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2022 በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ የተለመደው የሌጎ ማይንድስቶርምስ ሣጥን የአንድ ጀማሪ መምህርን የወር ደመወዝ አስከንድቶ ያልፍ ነበር። በሌላ በኩል አርዱዊኖ የምትባል ትንሽ ሰሌዳ አለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜን ጣልያን ኢቭሬያ በተባለች ከተማ፣ መሐንዲስ ላልሆኑ ተማሪዎች በቀላሉና በርካሽ እንድትሆን ተብላ የተሠራች ናት፤ ስሟንም ያገኘችው ሠሪዎቿ ያዘወትሩት ከነበረ መጠጥ ቤት ነው። ንድፏ ለማንም ክፍት ስለሆነ ማንም ቀድቶ ሊሠራት ይችላል፤ ርካሽ ቅጂዎቿም ዓለምን ያጥለቀለቁት ለዚህ ነው። ኡኖ የተባለችው ዓይነት በመዳፍ ውስጥ ትገባለች። ፕሮግራም የምታስቀምጥበት ቦታ 32 ኪሎባይት፣ በሥራ ጊዜ የምታስታውስበት ደግሞ 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ አንድ ገጽ የላቲን ጽሑፍ ቢይዝ ነው። ይህችን ያህል ማስታወሻ ያላት ሰሌዳ ሞተር ታዞራለች፣ ብርሃን ትለያለች፣ መሰናክል ስታገኝ ትመለሳለች።

ሦስት ገዛሁ። ለቀረው መርካቶ ምናለሽ ተራ ወረድሁ። ምናለሽ ተራ የሞተ ዕቃ የሚነሣበት ሰፈር ነው፤ ቆራሌው ከየበሩ የሰበሰበው ሁሉ እዚያ ተዘርግፎ፣ ተፈትቶ፣ ተለይቶ እንደገና ስም ያገኛል። ከተፈቱ የቴፕና የዲቪዲ ማጫወቻዎች ውስጥ የወጡ ትንንሽ ሞተሮችን በኪሎ መዝኜ ለመውሰድ ጥቂት ነው የቀረኝ። ጎማ አልገዛሁም፤ የሃይላንድ ክዳን ኮን ላይም አይጠፋም። እነዚህንና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዤ በ2011 ዓ.ም. ወደ አገሬ ገባሁ። በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከቤታችን ጓሮ ባለች አንዲት ጭቃ ቤት፣ ክበቡ በዘጠኝ ልጆች ተጀመረ።

የመግቢያ ዋጋው አንድ የተበላሸ ዕቃ ነበር። ብር የለም፤ የተበላሸ ዕቃ ይዞ ያልመጣ ግን አይገባም። ይህን ያደረግሁት ለዕቃው ብዬ ብቻ አይደለም። በነጻ የተሰጠ ነገር የሰጪው ሆኖ ይቀራል፤ ልጁ ግን ከቤቱ የመጣውን ዝም ያለ ሬዲዮ፣ የአያቱን የሞተ የሶላር መብራት ሲፈታ የራሱን ነገር እየፈታ ነው። አንዱ የተሰነጠቀ የእጅ ባትሪ አመጣ፤ ሌላው ከአጎቱ ሱቅ የተጣለ የስልክ ቻርጀር። አንዲት ልጅ ደግሞ የበግ ቃጭል ይዛ መጣች። «ይኼ ምኑ ተበላሸ?» አልኋት። «ምላሱ ወልቋል፣ ጋሼ» አለችኝ። ገባች።

በዚህች ልጅ ላይ ነው የሰዓቱ ጥያቄ የተነሣው። በሦስተኛው ሳምንት ቀረች። በአራተኛውም ስትቀር እናቷ ዘንድ ሄድሁ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ተቀበሉኝ፤ ቡና እስኪፈላም ቁም ነገሩን አላነሡትም። በኋላ ግን፣ ዓይናቸውን ከጀበናው ሳያነሡ፣ «መምህር፣ መማሯን አልጠላሁም። ትምህርቱ ያለ ገንዘብ ነው ብላኛለች፤ እግዜር ይስጥልን። ውሃውን ግን ማን ይቅዳልኝ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ የትኛውም የሮቦቲክስ መጽሐፍ አይመልሰውም። ሴትዮዋ ድንቁርና ይዟቸው አልተናገሩም፤ ሒሳብ ነው የተናገሩት። የልጅቷ ሁለት ሰዓት ለእኔ የትምህርት ጊዜ ነው፤ ለእርሳቸው ሁለት ጀሪካን ውሃ ነው። በብር ያልተከፈለው ዋጋ ከልጅቷ ትከሻ ወደ እናቲቱ ትከሻ መዛወሩ እንጂ መቅረቱ አይደለም። «በነጻ» የሚባል ክበብ ሁሉ ዋጋውን አንድ ቦታ ደብቆ እንደሚኖር ያን ቀን አየሁ።

መፍትሔው የተገኘው ከቀን መቁጠሪያው ነው። በአገራችን ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ ሲሆን ሞፈር አይነሣም፣ እህል አይፈጭም። ውሃውም ቢሆን በዋዜማው ተቀድቶ ያድራል። እነዚያ ቀኖች የማንም ያልሆኑ፣ ወይም የሁሉም የሆኑ ከሰዓቶች ናቸው። ክበባችን ከረቡዕና ከዓርብ ወጥቶ በበዓላቱ ላይ ተተከለ። ቁጥራችን ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት ያደገው ገንዘብ ስለቀነስሁ አይደለም፤ መቀነስ የሚቻል ገንዘብ አልነበረም። ሰዓቱን ከእናቶች ላይ ስላነሣሁ ነው።

በእርግጥ አንድ አዛውንት ቅር አላቸው። በማርያም ቀን ብሎን ሲፈታ መዋሉ ሥራ አይደለምን? ነገሩ ወደ አንድ የቅኔ መምህር፣ ወደ የኔታ፣ ደረሰ። የኔታ ጥቂት ዝም ብለው፣ «ቅኔ በበዓል ቀን ይፈታ የለም ወይ? ብሎን ቢፈታ ምን ነውር አለው?» አሉ። አዛውንቱም ሣቁ፤ ነገሩም በዚያው ተፈታ።

ከዚያ በኋላ የኔታ አልፎ አልፎ ብቅ ይሉ ጀመር። በበሩ መቃን ላይ ተደግፈው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ያያሉ። አንድ ቀን ልጆቹ የመጀመሪያውን ፕሮግራም ሲጽፉ ደረሱ። ነገሩ ሁለት መስመር ነው፦ ጨለማ ከሆነ መብራቱን አብራ፤ ብርሃን ከሆነ አጥፋ። የኔታ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አስረዳኋቸው። «ጉባኤ ቃና ነዋ!» አሉ።

ለማያውቅ ልንገር። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ የሚቈጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ትንሹ ቅኔ። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። በመጀመሪያ ቀን መወድስ የሚያስቈጥር መምህር የለም። ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ደግሞ አይፈቀድም፤ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። የቈጠረውን በቀጥታ ወደ መምህሩ አያመጣም፤ ቀድሞ ለአስነጋሪው ይነግራል። አስነጋሪው ከተማሪዎቹ የበሰለው ነው፤ ሰምቶ ያርማል፣ ያቃናል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ፣ ያለ ወረቀትና ያለ ደመወዝ መቶ ዓመታትን የተሻገረው በዚህ ሥርዓት ነው።

እኔ በዩኒቨርሲቲ የማስተማር ዘዴ ተምሬያለሁ፤ ክበቡን ያቆመልኝ ግን የየኔታ ቤት ሥርዓት ነው። አንድ ላፕቶፕ ለአሥራ አራት ልጅ አይበቃም። ስለዚህ ማንም ልጅ ፕሮግራሙን በደብተሩ ሳይጽፍና ለአስነጋሪው በቃሉ ሳይናገር ወደ ላፕቶፑ አይቀርብም። አስነጋሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ ባለ ቃጭሏ ልጅ ነበረች። ጉባኤ ቃና የሚሉት አንድ ሴንሰርና አንድ መብራት ያለውን ነው። ዘአምላኪየ ሞተር ሲጨመርበት ነው። መወድስ ያልነው በሁለት የቴፕ ሞተር፣ በአራት የሃይላንድ ክዳንና በአሮጌ የሶላር ባትሪ የሚሄደውን፣ ግድግዳ ሲያገኝ የሚመለሰውን ትንሽ ጋሪ ነው። አንዱ የሠራውን ሌላው መድገም ክልክል ነው፤ ቢያንስ አንድ ነገር መለወጥ አለበት።

የኔታ ግን አንድ ነገር አልጣማቸውም። አንዱ ልጅ ትእዛዙን አንድ ምልክት ሳይጨርስ ጽፎት ሰሌዳዋ እምቢ ስትል አዩ። «ምን ማለቱ እንደሆነ እያወቀች ነው እምቢ የምትለው?» ብለው ጠየቁ። «አታውቅም የኔታ፤ የተባለችውን ብቻ ነው የምታውቀው» አልኋቸው። «እንግዲያ ይህች ተማሪያችሁ ሰም እንጂ ወርቅ አይገባትም» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቃል ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ በላይ ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ቃል ሁለት ነገር በሚያዝልበት አገር ያደገ ልጅ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚሰማ ፍጡር ሲያጋጥመው አነጋገሩን ያጠራል። ፕሮግራም ሲሳሳት «ወርቅ ተናግረሃታል፤ ሰሙን ንገራት» ይባባሉ ነበር።

መብራት በሌለባቸው ቀኖች፣ እነርሱም ጥቂት አልነበሩም፣ አንድ ጨዋታ ነበረን። አንዱ ልጅ ዓይኑ በነጠላ ይታሰራል፤ እርሱ ሮቦቱ ነው። ሌላው አዛዥ ይሆናል። «ሦስት እርምጃ ወደ ፊት፤ ወደ ቀኝ ዙር፤ እጅህ ግድግዳ ከነካ ተመለስ።» ሮቦቱ ከተባለው አያልፍም፤ «ዙር» ብቻ ከተባለ ሲዞር ይኖራል። አዛዡ ከበሩ እስከ ምድጃው ድረስ ያለ አደጋ ካደረሰው አሸነፈ። ሲሞር ፓፐርት የሚባል ሊቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1928 ፕሪቶሪያ ውስጥ የተወለደ፣ በ2016 ያረፈ። በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ሎጎ የተባለውን የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ፈጠረ፤ በትእዛዝ የምትሄድና መስመር የምትስል «ኤሊ» የምትባል ትንሽ ሮቦትም ነበረችው። የፓፐርት ምክር አጭር ነው፦ ልጁ ከተቸገረ ተነሥቶ ራሱ ኤሊዋን ይሁን፤ በገዛ አካሉ ይራመደው። የሌጎው ሣጥን «ማይንድስቶርምስ» የሚለውን ስም የወሰደው እርሱ በ1980 ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ሣጥኑ ኮን አልደረሰም፤ የሣጥኑ አሳብ ግን በነጠላ ታስሮ ከበሩ እስከ ምድጃው ይራመድ ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኛም ተበተንን። በ2013 ዓ.ም. ተመልሰን ጀመርን። የዓመቱ ማብቂያ ላይ ግን ጦርነቱ ላስታንና ዋድላን አዳረሰ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ብዙ ጽፏል፤ ብዙ ያልተጻፈም አለ። የእኔ ድርሻ ትንሽ ነው። ከኮን ወጥተን በ2014 ዓ.ም. ስንመለስ ያቺ ጭቃ ቤት በሯ ተነቅሎ ነበር። ላፕቶፑ የለም። ሦስቱ ሰሌዳዎች የሉም። ሞተሮቹ የነበሩበት ጣሳ ባዶውን ተገልብጧል። ማን እንደወሰደው መናገር የዚህ ጽሑፍ ነገር አይደለም፤ በዚያ ዓመት የሰው ነፍስ የጠፋበት ቤት እያለ ስለ ጣሳ ማልቀስም ነውር ነው። አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር፦ ያን ቀን ክበቡ አበቃ ብዬ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ባለ ቃጭሏ ልጅ ቤት እናቷን ልጠይቅ ሄድሁ። በግቢው ውስጥ ታናሽ እኅቷ ዓይኗ በነጠላ ታስሮ ቆማለች። «ሁለት እርምጃ ወደ ፊት። እጅሽ ካልነካ ቀጥዪ። ከነካ ወደ ግራ ዙሪና ተመለሺ» ትላታለች ታላቂቱ። ሌሎች አምስት ልጆች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሁለቱን አላውቃቸውም፤ ከሌላ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ስታየኝ አፈረች። ወደ ቤት ገብታ ደብተሯን አመጣች። በተሰደዱበት ከአንገቷ አልለየችውም። እያንዳንዱ ጉባኤ ቃና፣ እያንዳንዱ ዘአምላኪየ፣ የመወድሱ የሽቦ መስመር ሳይቀር በእርሳስ ተስሏል። «ይኼኛውን ደብተር ባጣው እንኳ በቃሌ እለዋለሁ» አለችኝ። «በይው እስኪ» አልኋት። አለችው፤ ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ቅንፍ።

በዚያ ቀን ገና እያዘንሁም እየተጽናናሁም ሳለ የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ትዝ አለኝ፤ ምክንያቱም ዋድላ ከማሽን ጋር ስትገናኝ የእኛ ክበብ የመጀመሪያው አይደለምና። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የአውሮጳ ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው፣ ወጣት ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ ሥር ሆነው ጥበብ እንዲማሩ አድርገው ነበር። ከዚያ የወጣው ትልቁ ሥራ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ መድፉን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መንገድ አልነበረምና መንገዱን እየጠረቡ፣ ራሳቸውም ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ ነው የሄዱት። መድፉ በመቶዎች በሚቈጠሩ ሰዎች ተጐትቶ የዋድላን ሜዳ አቋርጦ በቤተ ሖር በኩል ጅጣ ሸለቆ ወረደ፤ ወደ ደላንታ ወጣ፤ በሽሎን ተሻግሮ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ንጉሡ አረፉ። መድፉ ዛሬም እዚያው አምባ ላይ አለ።

ከአያቶቻችን አንዳንዶቹ ያን መድፍ ጐትተው ይሆናል። ክብደቱን ያወቁት በትከሻቸው ነው፤ አሠራሩን ግን ማንም አላስነገራቸውም። የጋፋት ጥበብ የንጉሡ ነበር፤ ንጉሡ ሲያልፉ የጥበቡ ቤትም ፈረሰ። በዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ዘመን፣ የቅኔ ቤቱ ግን ተማሪ ተማሪን እያስነገረ ቀጥሏል። መድፉ ብረት ነበረው፤ አስነጋሪ አልነበረውም። ቅኔው ብረት አልነበረውም፤ አስነጋሪ ነበረው። እኔ ይህን የምለው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም። ከእርሳቸው በኋላ እንኳ ስንት ማሽን በሥነ ሥርዓት ተመርቆ፣ ባለሙያው ሲሄድ ቁልፍ ተቈልፎበት አቧራ የለበሰ በየወረዳው እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዛሬ «የሮቦቲክስ ክበብ በርካሽ እንዴት ይጀመራል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ወጣት መምህር የዋጋ ዝርዝር አልሰጠውም። ዕቃው ሁሉ አንድ ሌሊት ቢጠፋ ልጆቹ ዘንድ ምን ይቀራል? ብዬ እጠይቀዋለሁ። የሚቀረው ነገር ብዙ ከሆነ ክበቡ ርካሽ ነው። ምንም የማይቀር ከሆነ ግን ሰሌዳው በነጻ ቢሰጥም ውድ ነው፤ ምክንያቱም በየጊዜው እንደገና መገዛት አለበት። በወረቀት የሚጽፍ፣ በቃል የሚያስነግር፣ በገዛ አካሉ የሚራመድ ልጅ ማስታወሻው ከ2 ኪሎባይት ይበልጣል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው አገር አቀፍ መርሐ ግብር ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ ትምህርቱ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን ግጭቱ ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር፣ በሺህ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶችም ደጃቸው ተዘግቶ እንደቆየ እናስታውሳለን። ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ከትምህርት በኋላ» የሚባለው ሰዓት ራሱ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የበዓል ቀኖቹ ብቻ አልተዘጉም። 12 ሚካኤል መጣ፤ 21 ማርያም መጣች። በሩ በተነቀለው ቤት ሳይሆን በአንዱ ጓሮ፣ በሌላው ደጃፍ፣ አምስትም ስድስትም ሆነው ልጆቹ ተሰበሰቡ። ከእነርሱ አንዱ እንኳ ሰሌዳ በዓይኑ ያላየ ነበረበት፤ ጉባኤ ቃናውን ግን ይላል።

ይህ ለዘላለም ይበቃል አላልሁም። በቃል የተያዘ ፕሮግራም አንድ ቀን መብራት ማብራት አለበት፤ አለዚያ ልጁን መልሰን በምኞት መጋገር ይሆናል። ሁለት ሰሌዳ እንደገና ገዝቻለሁ፤ ባለ ቃጭሏ ልጅ ታናሿን የመጀመሪያውን መብራት ስታስበራ ቆሜ አይቻለሁ። ሴንሰሩን በመዳፏ ስትሸፍን መብራቷ በራች፤ መዳፏን ስታነሣ ጠፋች። ትንሿ አልተገረመችም። ነገሩን በቃሏ ታውቀው ነበርና «እንዲህ ነው የሚለው» አለች፤ ቀድሞ የሚያውቀውን ሰው በአካል እንዳገኘ ሰው ነው የተቀበለችው። እናታቸው በበሩ ቆመው ነበር። ውሃው በዋዜማው ተቀድቷል።

በውጭም በአገር ውስጥም ያላችሁ ወዳጆች «ምን እንላክ?» ትሉኛላችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ትልልቅ ሣጥን አትላኩ። ለአስነጋሪዎቹ ደብተርና እርሳስ፣ ስታኞ የሚያቀልጥ አንድ ዕቃ፣ ትንንሽ ብሎን መፍቻዎች ላኩ። የተበላሸ ዕቃ እኛ ዘንድ አይጠፋም።